የሌለ እንሰት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንድ የመካኒካል መሐንዲስ በሙያ ባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ስለ ተዋናይነት ትምህርት ልናገር ቢል፣ አዳራሽ የተሳሳተ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሙያዬን በሚመለከት ከቀሰምኩት ትምህርት አንዱን ትልቅ ነገር ያገኘሁት ከአንድ የትያትር ተማሪ ወዳጄ የመጀመሪያ ቀናት ነውና፣ ጥቂት እንድታደምጡኝ እለምናችኋለሁ።

እኔና ወዳጄ የቡሌ ልጆች ነን። ቡሌ በጌዴኦ ደጋ ላይ የምትገኝ፣ ጉምና ብርድ የማይለያት፣ እንሰቷና ቀርከሃዋ የበዛ አገር ናት። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተን ወደ ሩሲያዋ ከተማ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄድን። የመጀመሪያውን ዓመት አብረን ሩሲያኛ ስንማር ከረምን። ከዚያም እኔ ወደ ምሕንድስና፣ እርሱ ወደ ትወና ተለያየን፤ ማደሪያችን ግን አንድ ክፍል ነበር። ወሬው ቡሌ በደረሰ ጊዜ አባቱ፣ «ይህን ያህል አገር አቋርጦ የሄደው ጨዋታ ሊማር ነው?» ብለው አዘኑ። እርሱም ወጋየሁ ንጋቱና ደበበ እሸቱ በ1950ዎቹ ሃንጋሪ ድረስ ተጉዘው ይህንኑ ሙያ መማራቸውን እያስታወሰ ይጽናና ነበር።

ትምህርት የተከፈተው ነሐሴ 26 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። ወዳጄ በመጀመሪያው ሳምንት የሼክስፒር ወይም የቼኾቭ ገጸ ባሕርይ የሚሰጠው መስሎት ነበር። የጠበቀው ግን ሌላ ነው። ጠዋት የሰውነት እንቅስቃሴ ነበር፤ ቀጥሎ ምላስ የሚያስሩ ዐረፍተ ነገሮችን በፍጥነት መደጋገም መጣ። የእኛን ጠ እና ጨ ያለ ችግር የሚል አንደበት፣ የሩሲያኛውን ለስላሳ ተነባቢ ሲያጣ ማታ ማታ ከመስተዋት ጋር ይጣላ ነበር። ዋናው ትምህርት ደግሞ በባዶ እጅ መሥራት ነው፤ የሌለ መርፌ ማስገባት፣ የሌለ ባልዲ ውኃ መሸከም። እጅ የዕቃውን ክብደትና ውፍረት ማስታወስ አለበት።

ይህ ልምምድ ከስታኒስላቭስኪ ትምህርት የመጣ ነው። እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898 በሩን የከፈተውን የሞስኮ አርት ትያትርን ከኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር የመሠረተ ሰው ነው። መሐንዲሶችን ደስ እንዲላችሁ ልጨምር፤ ቤተ ሰቡ የወርቅና የብር ክር የሚያመርት ፋብሪካ ነበረው፤ እርሱም ራሱ በአስተዳደሩ ሠርቷል።

በሁለተኛው ሳምንት ተማሪዎቹ ከየቤታቸው የሚያውቁትን አንድ ሥራ በባዶ እጅ ሠርተው እንዲያሳዩ ታዘዙ። ወዳጄ እንሰት መፋቅን መረጠ። ከክፍሉ ውስጥ እንሰትን በዓይኑ ያየ ስላልነበረ፣ «ማን ይነቃብኛል?» ብሎ ተማምኖ ነበር። ተቀመጠ፤ የሌለውን ሳንቃ አዘመመ፤ የሌለውን የቀርከሃ መፋቂያ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ታች ይፍቅ ጀመር። መምህርቱ ዝም ብለው ተመለከቱና በዚያ አገር ትያትር የታወቀችውን ቃል ተናገሩ፤ «አላምንም»። ደገመው። አሁንም፣ «አላምንም። ሁለቱም እጆችህ ወደ ታች ይስባሉ። ታዲያ ክፋዩ አብሮ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ምንድን ነው?»

መልስ አልነበረውም። ማታ ስገባ ሻንጣውን ሲሸክፍ አገኘሁት። «እንሰት አይተው የማያውቁ ሴት እንሰት እንደማላውቅ ነገሩኝ» አለኝ። እኔም ወረቀት አውጥቼ ኃይሎቹን በቀስት ነደፍኩ። ወደ ታች የሚስበውን የሚቋቋም ኃይል መኖር እንዳለበት ቀስቱ ይናገራል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን እኔም አላወቅሁም። ሁለታችንም በቆጮ ያደግን ነን።

ጳጉሜን 5 ቀን፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበርና፣ ለእናቱ ስልክ ደወልን። መልካም አዲስ ዓመት ተባባልንና ጥያቄውን አቀረበ። እናቱ በጌዴኡፋ ሳቁ። «እግሬ ነዋ! ስትበሉ እንጂ ስሠራ አላያችሁኝም እንዴ? አንድ እግሬን አንሥቼ ከላይ እጫነዋለሁ። እጄ ደግሞ ቃጫው እንዳይበጠስ ወደ መጨረሻው ይላላል።» ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጆቼ፣ ጉልበቴ በምን የታመመ መሰላችሁ?» አሉ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም። ሻንጣው ግን ተፈታ። ወዳጄ በማግስቱ እግሩን አንሥቶ ፋቀ። መምህርቱ አላመሰገኑትም፤ «ቀጥል» ብቻ አሉት።

ከዓመታት በኋላ ለመመረቂያዬ የእንሰት መፋቂያ መሣሪያ ነደፍኩ። ያን ስልክ ባልሰማ ኖሮ ፍጥነትን ብቻ አሰላ ነበር። በወረቀቱ ላይ የመጀመሪያውን መስመር ያሰመርኩት ግን ለዚያ እግር ምትክ እንዲሆን ነው፤ ሁለተኛው ለቃጫው ነበር።

የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችንም ኰርተናል። ያን መልክዓ ምድር የሚሸከመው ግን እንዲህ ያለ ጉልበት ጭምር ነው። የእኔ ንድፍ እስከ ዛሬ ከወረቀት አልወጣም፤ የወዳጄ እናትም ክፋዩን ዛሬም በእግራቸው ይጫናሉ። ይህን ለወቀሳ ሳይሆን ለሥራ አነሣዋለሁ፤ ንድፉን ከወረቀት ለማውጣት የሚተባበረኝ ባልደረባ ካለ፣ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ ያነጋግረኝ። ከመንደፋችን በፊት ግን አብረን ቡሌ ወጥተን፣ ከሳንቃው አጠገብ ተቀምጠን እንይ።