በርበሬያችን የሚጠየቀው ወረቀት



የቡሬ በርበሬ ዝናው የታወቀ ነው። ፍኖተ ሰላም ገበያም ሆነ አዲስ አበባ «የቡሬ ነው» ማለት ይበቃል። ባሕር ማዶ ግን ስም ብቻውን አያሻግርም፤ የምርመራ ወረቀት ይጠየቃል።

ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በአንድ ኪሎ ደረቅ በርበሬ ውስጥ መርዙ ከ10 ማይክሮግራም ማለፍ የለበትም። በእኛ ልክ ብናስበው በ1000 ኩንታል 1 ግራም መሆኑ ነው! ላኪው ድርጅት ናሙናውን በላቦራቶሪ ያስመረምራል፤ ለምሳሌ በ2003 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት። ገዢውም የሚያምነው ወረቀቱን አይቶ ነው። ከልኩ ያለፈ ጭነት ወደብ ላይ ይታገዳል፤ ይመለሳል ወይም ይወገዳል።

ታዲያ ሻጋታው ከየት ይመጣል? ከእኛው ደጅ ነዋ! ዛላውን ሳይደርቅ የሚከምር፣ እርጥብ መሬት ላይ የሚያሰጣ አለ። ሚዛን እንዲያነሣ ብሎ ውሃ የሚረጭበትም አይጠፋም። የእሱ አንድ ጆንያ ከደህናው ጋር ሲቀላቀል የጎረቤቱን ልፋት ሁሉ ገደል ይከታል። መርዙ ደግሞ በእሳት በቀላሉ አይጠፋም፤ ወጥ ውስጥ ገብቶ የልጆቻችንን ጉበት ይጎዳል።

ነጋዴውም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ደረቁንና እርጥቡን በአንድ ዋጋ ከገዛ፣ ማን ሸራ ገዝቶ ያደርቃል? ስለዚህ ዘንድሮ በሸራ ያደረቅነውን ለብቻ በጆንያ አስገብተን፣ «ይህን ለብቻው መዝንልን፤ ዋጋውንም ለብቻው ንገረን» እንበለው።