ከብስክሌቱ ጋር ሄልሜቱም ይመዝገብ

(የዓለም የብስክሌት ቀንን ምክንያት በማድረግ በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ በሒሳብ ሪፖርት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ2010 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ግንቦት 26 በየዓመቱ የብስክሌት ቀን ሆኖ ይከበራል፤ ስለዚህ ዛሬ ስለ ብስክሌት እንድናገር ተጠይቄያለሁ። ይሁን እንጂ ንግግሬ የሚጀምረው ከዚያው ከሒሳብ ደብተሬ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ውስጥ የሠራሁት አንድ ስሕተት አለ።

ባለፈው ዓመት ለአባሎቻችን የብስክሌት መግዣ ብድር ስናዘጋጅ፣ በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ብስክሌቱ፣ ሄልሜቱ፣ የፊትና የኋላ መብራቱ እንዲሁም የጎማና የካቴና መሸፈኛው ተጽፈው ነበር። እኔ ከብስክሌቱ በቀር ያለውን በሙሉ «ተጨማሪ ወጪ» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። ድምሩ አነሰ፤ ኮሚቴውም አመሰገነኝ።

ከወራት በኋላ እንጀራ እያመላለሰች የምትሸጥ አንዲት እኅታችን የነጠላዋ ጫፍ በኋላ ጎማው ሽቦዎች መካከል ገብቶ ተጠመጠመና አስፋልት ላይ ወደቀች። የእጇ አንጓ ተሰበረ፤ ግንባሯም ተሰፋ። ስድስት ሳምንት ሥራ ፈታች፤ የብድር ክፍያዋም ተቋረጠ። ስሟን ሳልጠራ እንድናገር ፈቅዳልኛለች። እኔ የሰረዝኩት ገንዘብ እርሷ ካጣችው ገቢ በእጅጉ ያነሰ ነበር። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የቸኮልኩት እኔ፣ የፈሰሰው የእርሷ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በቦታው የነበረ አንድ ሰው «ድሮስ ሴት ልጅን ምን አስነዳት?» ማለቱ ነው። አንድ ወንድ ሲወድቅ የወደቀው እርሱ ብቻ ነው፤ አንዲት ሴት ስትወድቅ ግን ሁላችንም እንደወደቅን ይቆጠራል።

እርሷ ከዳነች በኋላ ተቀምጠን ስንነጋገር አንድ ነገር ገባኝ። እኔ በየቀኑ ቢሮ የምሄደው በብስክሌት ስለሆነ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን የእኔ አነዳድና የእርሷ አነዳድ አንድ አይደለም፤ አደጋውም የተለያየ ነው። ስለዚህ በየዓይነቱ ላንሣው።

መጀመሪያ፣ በከተማ ውስጥ ወደ ሥራ መሄድ። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ለብስክሌት ትመቻለች፤ ሜዳ መሆኗ ግን ከመኪና አያድነንም። በቀኝ በኩል እንንዳ፤ ሆኖም ከቆሙ መኪኖች አንድ ሜትር ያህል እንራቅ፤ የመኪና በር ድንገት ይከፈታልና። ባጃጅ ተሳፋሪ ሲያይ ወዲያው ይቆማል፤ ስለዚህ ከኋላው ተጠግታችሁ አትከተሉ። ከሁሉ የሚያስፈራው የጭነት መኪና ቀኝ ጎን ነው። እዚያ ስትሆኑ ሹፌሩ በመስታወቱ ላያያችሁ ይችላል፤ ወደ ቀኝ ከታጠፈ ደግሞ መውጫ የላችሁም። መብራት ላይ ወይም አደባባይ ላይ ከጎኑ ከመሰለፍ ከኋላው መቆየት ይሻላል። ለመታጠፍ ስትፈልጉ ወደ ኋላ ተመልከቱና እጃችሁን ዘርግታችሁ አሳዩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ይብራ።

ሁለተኛ፣ ጭነት ይዞ መንዳት። ብዙዎቻችን የምንኖረው በዚህ ነው። ውኃ የሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተንጠለጠለ ብስክሌቱን ይጎትታል። ጭነቱ ዝቅ ብሎ ግራና ቀኝ እኩል ይሁን፤ ገመዱም ጫፉ ሳይንጠለጠል ይታሰር። ፌስታል መሪ ላይ አታንጠልጥሉ፤ ተወዛውዞ የፊት ጎማ ውስጥ ይገባል። ጭነት ያለው ብስክሌት ቶሎ አይቆምም፤ ስለዚህ ፍሬን የምትይዙት ከወትሮው ቀደም ብላችሁ ይሁን። ነጠላና ረጅም ቀሚስም እንደ ጭነት ይታሰሩ። ነጠላውን በወገባችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ የቀሚሱን ጫፍ ሰብስቡት፤ የጎማውና የካቴናው መሸፈኛም ይኑር።

ሦስተኛ፣ ልጅ ከኋላ ማስቀመጥ። የልጅ እግር በጎማው ሽቦዎች መካከል ሲገባ የሚደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። እግር ማሳረፊያና ማሰሪያ ያለው የልጅ መቀመጫ ከሌለ ልጁን በእግር ማድረስ ይሻላል።

አራተኛ፣ ፒስታ መንገድ። ወደ ገጠር የምትነግዱ እኅቶች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ኮረት ላይ የፊት ፍሬን በኃይል ከተያዘ ጎማው ይንሸራተታል። ፍጥነት የሚቀነሰው ከመታጠፋችሁ በፊት ነው፤ እየታጠፋችሁ ፍሬን አትያዙ። ክረምቱም እየመጣ ነው፤ ውኃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ ስለማይታይ ዞራችሁት እለፉ። አስፋልት ላይ የተቀባው ነጭ መስመርም ሲርስ ያንሸራትታል።

አምስተኛ፣ በቡድን ለስፖርት መንዳት። ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስባችሁ የምትነዱ ወጣቶቻችን፣ የፊት ጎማችሁን ከፊታችሁ ካለችው የኋላ ጎማ ጎን አታድርጉ፤ እርሷ ትንሽ ዘወር ስትል የምትወድቁት እናንተ ናችሁ። የፊተኛዋ ጉድጓድ ስታይ ጮክ ብላ ትናገር። «እኔ ጎበዝ ነኝ፣ ሄልሜት አያስፈልገኝም» የምትል ካለች፣ በዓለም ላይ ትልልቆቹ ተወዳዳሪዎችም ሄልሜት እንዲያደርጉ የተገደዱት በ2003 እ.ኤ.አ. አንድ የካዛክስታን ተወዳዳሪ በውድድር ላይ ወድቆ ከሞተ በኋላ እንደሆነ ታስታውስ። በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ የሆነው ፅጋቡ ግርማይም ያንን ሁሉ መንገድ የነዳው ሄልሜት አድርጎ ነው።

ሄልሜት ሲደረግ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ቦታ ይተው፤ ወደ ኋላ አይንሸራተት። ፀጉራችሁን አናት ላይ ከቋጠራችሁት አይገባም፤ ሹሩባው ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይታሰር። ማሰሪያው አገጭ ሥር ይጥበቅ። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜት ደህና ቢመስልም ይለወጣል።

እንግዲህ ለዛሬው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ እኔ የሰረዝኩት መስመር ይመለስ፤ በሚቀጥለው ብድር ሄልሜቱ፣ መብራቱና መሸፈኛው ከብስክሌቱ ጋር በአንድ ዋጋ ይመዝገቡ። ሁለተኛ፣ ቀድሞ ብስክሌት ለወሰዱ አባላትም ይኸው ይሟላላቸው። ሦስተኛ፣ በወር አንድ ጊዜ ከስብሰባችን በፊት ብስክሌቶቻችንን ሰብስበን ጎማ፣ ፍሬንና ካቴና እናስፈትሽ፤ የጎሚስታውን ክፍያ ማኅበሩ ይሸፍን።

ደጋፊዎቻችን፣ እናንተም ገንዘባችሁ የት እንደዋለ ስትጠይቁን «ስንት ብስክሌት ተገዛ?» ብቻ አትበሉን። «ስንቷ ዛሬም እየነዳች ነው?» ብላችሁም ጠይቁን። እኔም ከአሁን በኋላ ሪፖርቴ ላይ ሁለቱንም ቁጥር እጽፋለሁ።

ያቺ እኅታችን ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጣለች። የመጣችው በብስክሌቷ ነው፤ ሄልሜቷን የገዛሁላት እኔ ነኝ፤ ይህንንም በማኅበሩ ሒሳብ አልመዘገብኩትም።