ስለ ቦይ ጀልባ ጉዞና ስለ ዕረፍት ጊዜ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሐምሌ ስድስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን በእንግሊዝ አገር በጀልባ መንሸራሸራችን በተሰማ ጊዜ፤ «ለተማሪ ሽርሽር ምን ይረባዋል? የዕረፍት ጊዜ ለሥራ ቢውል አይሻልምን?» የሚል ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ቀርቦልናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ፤ ዛሬ ያየነውን በመግለጽ መልስ ለመስጠት እንሞክራለን።

የሄድንበት ውሃ ወንዝ ሳይሆን በሰው እጅ የተቈፈረ ቦይ ነው፤ ስሙም ኬኔትና ኤቨን ይባላል። ጆን ሬኒ በተባለው መሐንዲስ መሪነት ከ1794 እስከ 1810 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ተሠርቶ፤ የብሪስቶልን ወደብ ከቴምዝ ወንዝ ጋር አገናኘ። የተከራየናት ጀልባ ጠባብና ረጅም ስትሆን፤ መኝታዋም ማድቤትዋም በውስጧ ነው። ማዕበሉ ዳርቻውን እንዳይሸረሽር በሰዓት ከ4 ማይል በላይ መሄድ ክልክል ነው፤ ይኸውም የእግረኛ ርምጃ ነው። ከብራድፎርድ ኦን ኤቨን እስከ ዲቫይዝስ ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እኛ ግን ሦስት ቀን ፈጀንበት። ቡናችንን እያፈላን፤ እየተከራከርንና እየተሳሳቅን ሄድን።

የሆነ ሆኖ ጉዞው ሁሉ ተቀምጦ መዋል አልነበረም። ዲቫይዝስ በኮረብታ ላይ ስላለች፤ ጀልባ ወደርስዋ የሚወጣው 29 ሎኮች አልፎ ነው። ሎክ ማለት ከላይና ከታች መዝጊያ ያለው የድንጋይ ገንዳ ነው። ጀልባው ከገባ በኋላ የታችኛው መዝጊያ ይዘጋል፤ ከላይ ውሃ ሲለቀቅበት ገንዳው ይሞላና ጀልባውን ያነሣዋል። አንዳችን መሪ ይዘን፤ ሁለታችን ውሃውን እየለቀቅን፤ ሁለታችን ከባዱን የእንጨት መዝጊያ በጀርባችን እየገፋን፤ አንዳችንም ወደሚቀጥለው ሎክ ቀድመን እየሄድን ቀኑን ሙሉ ሠራን። ገንዳው ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን ስለሚይዝ፤ ውሃ እንዳይባክን ከማናውቃቸው መንገደኞች ጋር ተጣምረን ወጣን። የአገራችን ገበሬ ወንፈል የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለውም በዚያ ቀን ገባን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ቦይ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ1852 ዓ.ም. አንድ የባቡር ኩባንያ ከገዛው በኋላ ንግዱ እየቀነሰ ሄደ፤ በ1950ዎቹ ዓመታትም ሎኮቹ ስለ ተበላሹ ከዳር እስከ ዳር መሄድ አልተቻለም። መንግሥት ሊዘጋው ባሰበ ጊዜ ግን ሕዝቡ ዝም አላለም፤ በ1956 ዓ.ም. ከ20,000 በላይ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ለንግሥቲቱ ቀረበ። ከመፈረምም አልፈው በየዕረፍት ቀናቸው አካፋ ይዘው፤ ጭቃ እየዛቁና ገንዘብ እየለመኑ ብዙ ዓመት ደከሙ። በ1990 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሣቤጥ ሁለተኛ በዚያው በዲቫይዝስ ተገኝተው ቦዩ መልሶ መከፈቱን አበሠሩ።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። እኛ ሦስት ቀን የተደሰትንበት ውሃ፤ ሌሎች የዕረፍት ጊዜያቸውን ስለ ሰጡ የተገኘ ነው። ስለዚህ ዕረፍትና ሥራ ጠላቶች ናቸው ብለን አናምንም፤ የአንዱ ትውልድ ድካም ለሚቀጥለው ዕረፍት ይሆናል። አቤቱታ መፈረም ቀላል ነው፤ ከፊርማው በኋላ አካፋ ማንሣት ግን ሠላሳ ዓመት የሚጠይቅ ትዕግሥት ነው። እኛ ተማሪዎች በፊርማው አንታማም። የሚጠብቀን ፈተና አካፋው ነውና፤ በሚመጣው ዕረፍት ከመካከላችሁ ሽርሽር የሚያስብ ቢኖር ደስ ብሎት ይሂድ፤ ሲመለስ ግን ለሌላው ዕረፍት የሚሆን ምን ሥራ እንደሚጀምር አብሮ ያስብ እንላለን።