የተጎታች ቤት ታሪክ አመረማመር



በፈረንጆች አቆጣጠር በ1959 ከኬፕታውን ወደ ካይሮ የተነሡ 41 ብርማ ተጎታች ቤቶች በአገራችንም አልፈው ነበር። ስማቸው «ኤርስትሪም»፣ የጉዞው መሪም የፋብሪካው መሥራች አሜሪካዊው ዋሊ ባያም ነበር።

ነገር ግን ታሪካቸውን የሚመረምር ሰው በመሥራቹ ስም ብቻ ቢረካ፣ የአንድ ባለሙያ ድካም ተሸፍኖ ይቀርበታል። በ1936 የወጣው «ክሊፐር» መልኩን የወረሰው፣ ሀውሊ ቦውለስ በ1934 ከሠራው «ሮድ ቺፍ» ነው። ቦውለስ ሞተር የሌለው ተንሳፋፊ አውሮፕላን ሠሪ ነበር፤ ሊንድበርግ በ1927 አትላንቲክን የተሻገረበት አውሮፕላን ሲሠራም ተቆጣጣሪው እርሱ ነበር። ድርጅቱ ሲከስር፣ ተጎታች ቤቶቹን ይሸጥለት የነበረው ባያም ሥራውን ቀጠለ።

እንግዲህ መርማሪው የሁለቱን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ያኑር። ባያም በሩን ከፊት ወደ ጎን አዛውሮታል (ቀድሞ የሚገባው ሰው የመጎተቻውን ብረት መሻገር ነበረበት)። እንደ አውሮፕላን የሾለው የአሉሚኒየም ገላ ግን ያው የቦውለስ ነው።