በመፀው ወራት ተማሮችን ወደ እርሻ ስለ ማውጣትና ስለ እሸት የተነገረ ንግግር



ዓመት በአራት ወራት እንደሚከፈል በባሕረ ሐሳብ የታወቀ ነው። ከአራቱም አንዱ መፀው ይባላል። እርሱም ክረምት በመስከረም 25 ቀን ከተፈጸመ በኋላ ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ድረስ ያለው ነው። ባላገሩ መጀመሪያውን ጥቢ ብሎ ይጠራዋል። በዚህ ጊዜ ሰማዩ ይጠራል፤ ወንዙ ይጎድላል፤ መንገዱም ይደርቃል። አደይ አበባ ገና ሳይረግፍ ኑግ ያብባል፤ ንብ ከሁለቱም ስለምትቀስም በጥቅምትና በኅዳር ማር ይቆረጣል። ከብቱ ለምለም ሣር ስለ ጠገበ ወተት አይታጣም። ሌሊቱ ግን ይበርዳል፤ «ለጥቅምት አንድ አጥንት» መባሉም ስለዚህ ነው። የጽጌ ጾም ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ በፈቃድ የሚጾም ስለ ሆነ፥ አጥንቱን የተወ ሰው በእሸቱ ይካሳል።

ይህ መልካም ወራት ለገጠር ትምህርት ቤት ግን የችግር ወራት ነው። ትምህርት ቤቱ በመስከረም ሲከፈት እህሉም በዚያው ጊዜ ፍሬ ይይዛል። ወፉና ጦጣው ስለሚያጠፋው አባት ልጁን ወንጭፍ አስይዞ በማማ ላይ ያውለዋል። መምህሩ ስሙን ጠርቶ ባጣው ጊዜ ሰነፍ ነው ብሎ ይጽፍበታል። አባትም በበኩሉ ትምህርቱ እህሌን አይጠብቅልኝም ይላል። ሁለቱም ያለ ምክንያት አይናገሩም፤ በመካከል የሚጎዳው ግን ልጁ ነው። ጓደኞቹ ፊደሉን ጨርሰው ንባብ በጀመሩበት ጊዜ በኅዳር ተመልሶ ሲመጣ ያፍራል፤ ካፈረም በኋላ ብዙ ጊዜ አይመለስም። መዝገቡ ሰነፍ ያለው ልጅ ሌሊት ተነሥቶ በብርድ ማማ የወጣ እንደ ሆነ መዝገቡ አይናገርም።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ከወላጆች ጋራ ተነጋግረው የጎረቤት ልጆች እህሉን በተራ እንዲጠብቁ ቢያደርጉ፥ ዛሬ ማማ የወጣው ነገ ከትምህርት ቤት ይውላል። መምህሩም በሳምንት አንድ ቀን፥ ከቀትር በፊት፥ ተማሮቹን ይዞ ባለቤቱ ወደ ፈቀደው እርሻ ይውጣ። በማማ ላይ ያለውም ልጅ በዚያ ቀን ከትምህርቱ አይለይም። ይህን ማለት ፊደሉና ሒሳቡ ይቅር ማለት አይደለም፤ እርሻው ራሱ ሰሌዳ ይሆናል ማለት ነው።

ለምሳሌ ጤፍን እንውሰድ። በአንድ ግራም ውስጥ 2,500 የሚያህል ፍሬ ይገኛል፤ አንዲቱን የስንዴ ፍሬ በሚዛን ለመተካከል ከ100 በላይ የጤፍ ፍሬ ያስፈልጋል። ተማሪው አንዱን ዛላ አራግፎ ፍሬውን በአሥር በአሥር እየከፈለ ቢቈጥር፥ ማባዛትን ከቃል ጥናት ይልቅ በእጁ ይማረዋል። ገብሱ ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ ተናጋሪው ሽማግሌው ይሁን፤ መምህሩም የከተማ ልጅ ቢሆን ከተማሮቹ ጋራ ተቀምጦ ይስማ፤ ክብሩ አይቀነስበትም። ሽማግሌው ጥቁሩን ከነጩ፥ ቶሎ የሚደርሰውን ከሚዘገየው ለይቶ ያሳያል። ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ገብስ ገለፈቱን ያለ ብዙ ልፋት ስለሚለቅ እንዲህ እንደ ተባለ ሲናገር ልጆቹ ይሥቃሉ፤ የሣቁበትንም አይረሱም።

ይህ ዕውቀት የሚናቅ አይደለም። በ1919 ዓ.ም. ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል የመስኮብ ሊቅ ብዙ አገር አቋርጦ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በገበሬው እጅ ያለውን የስንዴና የገብስ ዘር ሊመለከትና ሊሰበስብ ነበር። እርሱ ከሩቅ አገር የመጣበትን ዘር የመንደሩ ልጅ በየቀኑ እየረገጠው ያልፋል፤ ስሙን የሚያውቁትም ሽማግሌዎች በየዓመቱ ይቀነሳሉ።

ከትምህርቱም በኋላ መብሉ ይቀርባል። የባቄላው እሸት ከነቆባው ይቀቀላል፤ ጥሬውን ያበዛ ልጅ ሆዱ ይነፋዋል። የስንዴውና የገብሱ እሸት በእሳት ይለበለባል፤ ከዚያ በእጅ ታሽቶ እፍ ተብሎ በትኩሱ ይበላል። ከዚህ የሚጣፍጥ መብል በመፀው አይገኝም። የሰው እርሻ ስለ ሆነ ግን ልጆቹ ሥርዓቱን ይወቁ፤ በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 እንደ ተጻፈው፥ በባልንጀራ እርሻ ውስጥ እሸት በእጅ መቅጠፍ ተፈቅዷል፤ ማጭድ ማንሣት ግን አልተፈቀደም። ስለዚህ ማንም ልጅ በኪሱ ወይም በነጠላው ቋጥሮ አይሂድ።

እሳቱም ሣር በሌለበት በባዶ መሬት ላይ ይንደድ፤ ከነዶና ከክምር ይራቅ። አንድ ፍንጣሪ የአንድ ቤተ ሰብን የዓመት ቀለብ ሊያቃጥል ይችላልና ፍሙ በውሃ እስኪጠፋ ድረስ መምህሩ ከስፍራው አይነሣ። በቆላ አገር ደግሞ ወባ ከዝናሙ ማለቅ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ በብዛት የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ስለ ሆነ፥ ጉዞው በቀን ተጀምሮ በቀን ይፈጸም። ትኩሳትና ራስ ምታት የያዘው ልጅ ቢኖር ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

መከሩ ከተወቃ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ከአባቱ እህል አንድ እፍኝ የተመረጠ ዘር ያምጣ። ሽማግሌው ስሙን ይናገር፤ ተማሪውም በራሱ እጅ ጽፎ በጨርቁ ላይ ይስፋው። ዘሩም ነቀዝ እንዳይገባበት ጢስ ከሚደርስበት ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ እስከሚዘራበት ወራት ይቈይ።