ዝገቱን ከልባሱ ስለ መለየት



በአገራችን ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ እየተባለ የሚጠራው አሮጌ ጠመንጃ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረ ንብረት ነው። በዚህ በገለምሶና በጨርጨር ደጋ ግን በልግና ክረምት ተከታትለው ስለሚዘንቡ፣ ከግድግዳ የተሰቀለ ወይም በቆዳ አፎት የተቀመጠ ብረት እርጥበት አያጣውም። ዝገትም ይከተላል።

ዝገት ሲታይ ብዙ ሰው የሚቸኩለው በሎሚና በአመድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ለመፈግፈግ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በአፈሙዙና በአካሉ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ጠቆር ያለ ልባስ የተቀባ ቀለም አይደለም፤ ብረቱ ራሱ በፋብሪካ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ያበቀለው እጅግ ስስ ቆዳ ነው። ቀዩ ዝገትም የብረትና የኦክስጅን ውሁድ ነው። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸውና ቀዩን የሚያሟሟ አሲድ ጥቁሩን አይምርም። ሎሚም፣ ኮምጣጤም፣ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የገበያ ዝገት ማስለቀቂያም ልባሱን ይገፉታል።

ስለዚህ ሥራው በቅደም ተከተል ይሁን። አስቀድሞ ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱ ይረጋገጥ፤ ብረቱም ከእንጨቱ ይለይ። ቀጥሎ ዝገቱ ላይ ቀጭን የማሽን ዘይት ተቀብቶ አንድ ሁለት ቀን ይቆይ። ከዚያ በኋላ ዘይት በጠጣ ሻካራ ጨርቅ ይታሽ። እምቢ ካለ፣ ቁጥሩ አራት ዜሮ የሆነ እጅግ ደቃቅ የብረት ጥጥ በዘይት ርሶ፣ መጀመሪያ ከሰደፉ እንጨት ሥር በሚሸሸገው ቦታ ይሞከርና በቀስታ ይሠራበት። በዝገቱ ዳር ያለው ጥቁረት ወደ ነጭ ብረትነት መሳሳት ሲጀምር ግን እጅ ይቁም። ዝገት በልቶት የጎደጎደው ጠባሳ እንዳለ ይቅር። በመጨረሻ ዘይቱ ተጠርጎ ስስ ሰም ይቀባ፤ የእጅ ላብ ጨው አለውና በጓንት ይያዝ። ቅቤና የምግብ ዘይት ሲከርሙ ስለሚኮመጥጡና ስለሚሙጫሙጩ ለዚህ አይበጁም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለውበት ብቻ አይደለም። የፋብሪካው ማህተምና መለያ ቁጥሩ የተቀረጹት በዚያው ገጽ ላይ ነው፤ በአንዳንዱ ቤልጅግ ላይም የይሁዳ አንበሳ ምልክት ይገኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ፈቃድና ምዝገባ ስለሚጠይቅ፣ ቁጥሩ የተፋቀበት ባለቤት ንብረቱን በምን ይለየዋል? በ1928 ዓ.ም. ወራሪን ለመመከት የወጣ ሰው ልጅ የአባቱን መሣሪያ ሲያምነን፣ አደራው አዲስ እንድናስመስለው አይደለም። የተፈገፈገ ብረት ያበራል እንጂ አይናገርም። ዝገቱን እናንሣ፤ ምስክሩን እንተው።