ባዶ ክፍል አይሞቀውም

ድሬዳዋ ያላችሁ፣ ገና በጠዋቱ ላብ ላብ አላችሁ አይደል? እስቲ ዛሬ ስለ ቬንትሌተር እናውራ። አዎ፣ ስለ ቬንትሌተር።

ቬንትሌተር ቤት አያቀዘቅዝም። የሚያቀዘቅዘው ሰውን ነው። ነፋሱ ላባችንን ያደርቀዋል፤ ላቡ ሲደርቅ ገላችን ቀለል ይለዋል። ሰው ከሌለ ታዲያ ማንን ያቀዝቅዝ? አልጋውን? መጋረጃውን?

ግን ስንቱ ቤት እንዲህ ነው! በሩ ተቆልፏል፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል። ቆጣሪውም አብሮ ይዞራል።

የሚከፋው ደግሞ ቆጣሪው የጋራ ሲሆን ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ ቆጣሪ፣ ብዙ ተከራይ። ሂሳብ በመጣ ቁጥር ጭቅጭቅ። «እኔ ያለኝ አምፖል ብቻ ነው!» «ፍሪጅ ያለው ይክፈላ!» አከራይዋ ደረሰኙን ይዘው መሀል ላይ ይቆማሉ።

ሙቀት ለማንም አያዝንም። ለሕፃን፣ ለታመመ ሰው ቬንትሌተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይዙር፤ ለዚህ ቅር የሚለው ጎረቤት ያለ አይመስለኝም። ቅር የሚያሰኘው ለባዶ ክፍል መክፈል ነው። ያውም አምፖል ብቻ ላለው ተከራይ።

እና ዛሬ ስትወጡ፣ በሩን ከመቆለፋችሁ በፊት ቬንትሌተሩን አጥፉት። ቸኩያለሁ አትበሉ፤ ማጥፊያው እዚያው በሩ አጠገብ ነው።